ፖስተሩን እናቃጥለው?

ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ አንድ ካርቶን ነው።

ካርቶኑ የተከፈተው እዚሁ አርሲ ነገሌ፣ በረቡዕ የወጣቶች ኅብረታችን ላይ ነው። ያመጣው ወንድማችን ጌታን ከተቀበለ ሁለት ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት መናኸሪያው አካባቢ በነበረ አንድ ቪዲዮ ቤት ይሠራ ነበር፤ በር ላይ ሳንቲም ይቀበላል፣ ካሴት ይቀይራል፣ ሲመሽ አግዳሚዎቹን ይደረድራል። ዲሽና ስልክ በየቤቱ ሲገባ ቪዲዮ ቤቱ እንደ ብዙዎቹ ተዘጋ። ባለቤቱ ቴሌቪዥኑንና ዴኩን ሸጠ። በር ላይ ይለጠፉ የነበሩትን ፖስተሮች ግን የሚገዛ ስላልተገኘ ለእርሱ ተወለት።

ወንድማችን አልጣላቸውም። እንዲያውም ሻሸመኔ፣ ዝዋይ፣ ሞጆ፣ ናዝሬት በሄደ ቁጥር የተዘጉ ቪዲዮ ቤቶችን እያጠያየቀ፣ አንዳንዱን ከግድግዳ በውሃ እያራሰ እየላጠ፣ አንዳንዱን ከጓዳ ከአይጥ እያስጣለ ስልሳ ያህል አደረሳቸው። የህንዱንና የካራቴውን ለጓደኞቹ አደለ። ለራሱ ያስቀረው አስፈሪዎቹን ብቻ ነው። ጥቁር ካባ የለበሰው ድራኩላ፣ ከመቃብር የሚወጣ እጅ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ሬሳ። ከሁሉ የሚገርሙት በከተማችን ጽሑፍ ጻፊ በአቡጀዲ ላይ በቀለም የተሳሉት ናቸው። በአንዱ ላይ ድራኩላ የእኛን አገር ሰው መስሏል፤ ከሥሩ በአማርኛ ልበ ደካማ እንዳይገባ ተብሎ ተጽፏል። ከእኛ መካከል አንዷ እህታችን ይህን ሥዕል ስታይ ጮክ ብላ ሳቀች። በልጅነቷ ወፍጮ ቤት ስትላክ በዚያ በር የምታልፈው ዓይኗን ጨፍና ነበርና። አንዴ ዱቄቱን ይዛ ቦይ ውስጥ ወድቃለች።

ወንድማችን የጠየቀን ጥያቄ አጭር ነበር፦ ምን ላድርጋቸው?

አንድ ሽማግሌአችን ሳያመነታ መለሰ። በቅዳሜው ፕሮግራም ይቃጠሉ፤ ለወጣቶቹም ምስክርነት ይሆናል አለ። የሐዋርያት ሥራ 19ን ጠቀሰ። ብዙዎቻችን አሜን አልን። ወንድማችን ጥቂት ዝም ብሎ ሁለት ነገር ተናገረ። አንደኛው፣ በእጅ የተሳሉትን አዲስ አበባ ያለ አንድ ሰው ሊገዛው እንደሚፈልግና የሚሰጠውም ከሁለት ወር ደመወዙ እንደሚበልጥ። ሁለተኛውን አንገቱን ደፍቶ ነው ያለው። እናቴ አረቄ አውጥታ ነው ያሳደገችኝ፣ የእሷንስ ጋን መቼ ነው የምንሰብረው?

ማንም አልመለሰም። ወደ ጸሎት ገባን። ሲጨንቀን ወደ ጸሎት መግባት እናውቅበታለን።

ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ያን ዕለት መመለስ ስላልቻልን ነው። አሳባችንን ከወዲሁ እንግለጠው፦ ካርቶኑ ቅዳሜ በመድረክ ፊት መቃጠል የለበትም ብለን እናምናለን። ይህን የምንለው አስፈሪ ፊልምን ለማበረታታት አይደለም። ፊልጵስዩስ 4፥8ን እኛም እናነባለን፤ አእምሮውን በደምና በሬሳ የሚሞላ ሰው ሌሊት እንቅልፍ ቢያጣ አይደንቀንም። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ምን እያቃጠልን እንደሆነ እናውቃለን ወይ?

የተንቀሳቃሽ ሥዕል ትርዒት ለሕዝብ በክፍያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1895 ፓሪስ ላይ ነው። ወደ አገራችን ከገባ በኋላም አዲስ አበባ ላይ መጀመሪያ የተከፈተውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ ሰይጣን ቤት ብሎ ጠራው። በጨለማ ውስጥ በግድግዳ ላይ የሚራመድ ሰው ያየ የዚያ ዘመን ሰው ሌላ ምን ይበል? ነገር ግን ልብ በሉ፤ ስሙን ያወጡለት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ የኢየሱስን ፊልም በየገጠሩ በዚያው መሣሪያ ያሳያሉ። ግድግዳው ላይ የሚራመደው ሰው ሰይጣን አልነበረም፤ ብርሃንና ጥላ ነበር። አያቶቻችን በማያውቁት ነገር ፈሩ፤ እኛ ግን የምናውቀውን ነገር እንደማናውቅ ሆነን ብንፈራ ይቅርታ የለንም።

ወንድማችን በስልኩ እያነበበ ያስተማረንን እናካፍላችሁ። እኛም ከዚያ በኋላ አንብበናል። በውጭው ዓለም የጥንት አስፈሪ ፊልሞችን ፖስተር መሰብሰብ ትልቅ ሥራ ነው። በ1931 የተሠራው የድራኩላ ፊልም አንድ ፖስተር በ2017 በጨረታ 525,800 ዶላር ወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1932 የወጣው በጨርቅ የተጠቀለለው የግብጽ ሬሳ ፊልም ፖስተር ደግሞ በ1997 453,500 ዶላር ተሽጧል። ውድ ያደረጋቸው ብርቅ መሆናቸው ነው። በዚያ ዘመን ፖስተር ለአንድ ሳምንት የሚለጠፍ ርካሽ ወረቀት ነበር። ሲኒማ ቤቱ ሲጨርስ ወደሚቀጥለው ከተማ ይልከዋል፣ ወይም አዲሱን በአሮጌው ላይ ይለጥፋል፣ ወይም ይጥለዋል። የቀሩት በአጋጣሚ የቀሩ ናቸው። ፔንሲልቬንያ ውስጥ በአንድ ቤት ጣሪያ ሥር ሠላሳ ሦስት አሮጌ ፖስተሮች በሙጫ እርስ በርስ ተጣብቀው ተገኝተው በ2012 ከ500 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጡ። አንዱ ድራኩላ ነበር።

ስለ እሳት ካነሣን አይቀር አንድ ነገር እንጨምር። በ1922 ጀርመን ውስጥ ኖስፌራቱ የሚባል ፊልም ወጣ። የድራኩላን መጽሐፍ የጻፈው ሰው ሚስት፣ ባሏ ከሞተ በኋላ፣ ያለ ፈቃድ ተወሰደ ብላ ከሰሰች፤ ፍርድ ቤትም ቅጂዎቹ ሁሉ እንዲወድሙ አዘዘ። ፊልሙ ግን ዛሬም አለ። በ1927 የወጣ ሌላ የአሜሪካ ፊልም ደግሞ፣ ለንደን ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚባለው፣ ማንም ይቃጠል ሳይለው የመጨረሻው ቅጂ በ1960ዎቹ በአንድ የፊልም መጋዘን ቃጠሎ እንደጠፋ ይታመናል። ከእርሱ የተረፈው ማስታወቂያው ነው፤ አንድ ፖስተሩ በ2014 478,000 ዶላር አውጥቷል። ማስታወቂያው ካስተዋወቀው ነገር በላይ ዕድሜ አገኘ።

ወደ አፍሪካ ስንመጣ የጋናው ታሪክ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ጋና ውስጥ ቪዲዮና ጄኔሬተር ይዘው በየመንደሩ የሚዞሩ ሰዎች ነበሩ። ለማስታወቂያ የሚሆን የታተመ ወረቀት ስለሌላቸው ሠዓሊዎች የዱቄት ጆንያ ጨርቅ ሰፍተው በቀለም ይስሉበት ነበር። ፊልሙን ሳያዩ የሚስሉም ነበሩ! ስለዚህ ፊልሙ ውስጥ የሌለ እባብ፣ የሌለ ቀንድ፣ የሌለ የደም ጅረት ይጨምሩበታል። ተመልካቹ ገንዘቡን የሚከፍለው በሥዕሉ ነውና። ዛሬ እነዚያ ጆንያዎች አሜሪካ ውስጥ በሥዕል አዳራሽ ይሰቀላሉ።

ይህን ያነሣነው ምክንያት አለን። ወንድማችንን ያን የአቡጀዲ ድራኩላ ማን እንደሳለው ስንጠይቀው የነገረን ተመሳሳይ ነው። የከተማችን ጽሑፍ ጻፊ ፊልሙን አላየውም። የሱቅ ስም፣ የሻይ ቤት ዋጋ፣ የመኪና ጀርባ ጥቅስ የሚጽፍ ሰው ነው፤ የካሴቱን ሽፋን ሰጡት፣ ቀይ ቀለም እንዲያበዛ ነገሩት፣ አበዛ። እህታችንን ቦይ ውስጥ የጣላት ይህ ቀይ ቀለም ነው። እርሷን ያስሮጣት ጋኔን አልነበረም። አንድ ነጋዴ ፍርሃት እንደሚሸጥ ስላወቀ ነው።

እንግዲህ ወደ ቃሉ እንምጣ። ሽማግሌአችን የጠቀሱት ምዕራፍ ትክክለኛው ምዕራፍ ነው። የምንጣላው በቁጥር 19 ላይ ስለቆሙ ነው።

በኤፌሶን ያመኑት ሰዎች የጥንቆላ መጽሐፎቻቸውን ሰብስበው በሁሉ ፊት አቃጠሉ፤ ዋጋቸውም ሲቆጠር አምሳ ሺህ ብር ሆነ። አንድ ብር የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነው ብንል፣ አንድ ሰው ሰንበት ሳያርፍ 137 ዓመት የሚሠራበት ገንዘብ ማለት ነው። ሉቃስ ዋጋውን የጻፈው በከንቱ አይመስለንም፤ ሊሸጡት ይችሉ ነበር፣ አልሸጡትም ማለቱ ነው። ይህ ወንድማችንን ይነካዋልና አንሸፋፍነውም፤ በኋላ እንመለስበታለን። ግን ደግሞ ከቁጥር 18 ጀምሮ አንብቡ። ማንም ቤታቸውን አልፈተሸም። ጳውሎስ ፕሮግራም አላወጣም፤ ቅዳሜ ይዛችሁ ኑ አላለም። ራሳቸው መጡ፣ ሥራቸውን ራሳቸው ተናዘዙ፣ ያቃጠሉትም ይታመኑበት የነበረውን ነው። መጽሐፉን የሚከፍቱት ሊፈወሱበት፣ ጠላት ሊያስሩበት፣ ነገን ሊያውቁበት ነበር።

እኛ አገር የዚህ ትክክለኛ አምሳያ ክታብ ነው። በብራና ላይ የተጻፈ፣ ዓይኖች የተሳሉበት፣ በአንገት የሚታሰር ወይም ትራስ ሥር የሚቀመጥ። አባቶቻችንና እናቶቻችን ሲያምኑ ክታባቸውን በጥሰው በእሳት ጥለዋል፤ ብዙ ምስክርነት ሰምተናል፤ ጌታ ይመስገን። እነዚያ ክታቦች ዛሬ በአውሮፓ ሙዚየሞች በመስታወት ውስጥ ይታያሉ፣ ሰብሳቢዎችም ይገዟቸዋል። ክታቡን ያቃጠለች እናት ግን የምትበጥሰው ከአንገቷ ላይ ነበር። ለእርሷ ወረቀት ብቻ አልነበረም፤ ጌታዋ ነበር። የድራኩላን ፖስተር በአንገቱ ያሰረ ሰው ግን አይተን አናውቅም። ታሞ ወደ ፖስተር የጮኸ የለም። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 8 ጣዖት በራሱ ከንቱ መሆኑን ካስተማረ፣ የፊልም ማስታወቂያ ከጣዖት ይበልጣል ብለን ልጆቻችንን ካስተማርን ማንን ነው ያገነንነው?

አንዳንድ ወገኖች ደግሞ በተቃራኒው ይከራከራሉ። ድራኩላ መስቀል ሲያይ ይሸሻል፤ ስለዚህ ፊልሙ ክርስቲያናዊ ነው ይላሉ! ወንድማችንም ይህን ብሎን ነበር። አይደለም። በዚያ ፊልም ውስጥ መስቀል የሚሠራው እንደ ነጭ ሽንኩርት ነው፤ ማንም ቢይዘው ይሠራል፣ ጌታን ማወቅ አያስፈልግም። ያ ክታብ ነው፤ ቅርጹ ብቻ ተለወጠ።

ይህ ደግሞ ወደዚያው ምዕራፍ ቁጥር 13 ይወስደናል። የአስቄዋ ሰባት ልጆች የኢየሱስን ስም እንደ ጥንቆላ ቃል ሊሞክሩት ተነሡ። እርኩስ መንፈስ ያለበት ሰው ዘለለባቸውና ራቁታቸውን ቆስለው ሸሹ። ከዚያም ቁጥር 24ን አንብቡ። ድሜጥሮስ የሚባል ብር ሠሪ የአርጤምስን ቤተ መቅደስ ምስል እየሠራ ይሸጥ ነበር፤ ወንጌል ገበያውን ስለነካበት ከተማውን አናወጠ። አፉ ስለ አርጤምስ ክብር ይጮኻል፤ ልቡ ስለ ገቢው ነው። እንግዲህ በአንድ ምዕራፍ ውስጥ መንፈሳዊ ነገርን ሙያና ገበያ ያደረጉ ሦስት ወገኖች አሉ፦ አስማተኞቹ፣ የአስቄዋ ልጆችና ድሜጥሮስ። ከሦስቱ ንስሐ የገቡት አስማተኞቹ ናቸው። እኛ ዘወትር የምንሰብከው ስለ እነርሱ እሳት ነው፤ ስለ ሁለቱ ዝም እንላለን። ለምን? ሁለቱ እኛን ስለሚመስሉ ይሆን?

እስቲ ከአርሲ ነገሌ መናኸሪያ ጀምራችሁ በዋናው አስፋልት ወደ ሻሸመኔ አቅጣጫ ተራመዱና የተለጠፉትን ተመልከቱ። የፊልም ፖስተር ከጠፋ ቆይቷል። በዚያው የመብራት ምሰሶ ላይ፣ በዚያው ቁመት፣ የተለጠፈው የእኛ የኮንፈረንስ ማስታወቂያ ነው። ከበስተጀርባ እሳት፣ ከላይ መብረቅ፣ መካከል ላይ እጁን የዘረጋ አገልጋይ፣ ከሥሩ ደም በሚመስል ቀይ ፊደል የእስራት መፍቻ ሌሊት። ወንድማችን ከካርቶኑ አንዱን አውጥቶ ባለፈው ዓመት ከተለጠፈው ባነራችን ፎቶ ጎን አስቀመጠልን። አልተናገረም። መናገርም አላስፈለገውም፤ ቀለሙ፣ የፊደሉ አጣጣል፣ ከታች ወደ ላይ የሚወጣው ጭስ ሳይቀር አንድ ነው። እኛ ራሳችን ገንዘብ አዋጥተን ያሳተምነው ባነር ነበር።

ዩቲዩቡ ደግሞ ይብሳል። አጋንንት ሲወጣ የሚያሳየው ቪዲዮ ፊት ላይ የሚለጠፈው ሥዕል ምን ይመስላል? ዓይኗ የተገለበጠ ምስኪን እህት፣ ቀይ ቀስት፣ ጋኔኑ ምስጢር አወጣ የሚል ርዕስ። ያቺ እህት ነጻ የወጣችው እውነት ከሆነ (ጌታ ዛሬም ነጻ ያወጣል፣ አይተናል፣ አንጠራጠርም) ለምንድን ነው የእስራቷ ፊት ለሕዝብ የሚሰቀለው? በማርቆስ 5 ሌጌዎን የነበረበት ሰው በመጨረሻ የሚታየው ለብሶና አእምሮው ተመልሶ ተቀምጦ ነው። ጌታ ወደ ቤቱ የሰደደውም የተደረገለትን ምሕረት እንዲያወራ ነው። እኛ የምንለጥፈው ድንጋይ ራሱ ላይ ሲመታ የነበረውን ነው፤ ተመልካች የሚያመጣው እርሱ ነውና። የከተማችን ጽሑፍ ጻፊ ቀይ አብዛ ሲባል አበዛ፤ እኛን ማን አብዙ አለን?

ዕብራውያን 2፥14 እና 15 ክርስቶስ ሥጋና ደም የተካፈለው በሞት ፍርሃት ታስረው የነበሩትን ነጻ ሊያወጣ እንደሆነ ያስተምረናል። ድራኩላ ማለት እኮ መሞት ያቃተው ሰው ታሪክ ነው፤ ሞትን የሚፈራ ዓለም ራሱን ያየበት ተረት ነው። ለዚህ ዓለም የምንሰጠው የተነሣው ጌታ ካለን፣ ለማስፈራራት ቀይ ቀለም ለምን ተበደርን?

አሁን ወደ ከባዱ እንሂድ፤ ወደ አረቄው።

ነገሌን የማያውቅ ሰው አረቄዋን ያውቃል። በአዲስ አበባና በሐዋሳ መንገድ ላይ የሚያልፍ ሾፌር ሁሉ ያውቃል። እናቶች በሌሊት ተነሥተው በቆሎውን፣ ብቅሉን፣ ጌሾውን ደፍድፈው፣ ቀኑን ሙሉ እሳት ሥር ተቀምጠው ጠብ ጠብ እያለ ያወጡታል። እንጨቱ ከሙኔሳ በኩል በአህያና በጋሪ ይመጣል፤ ጫካው እየሳሳ ነው። ጭሱ የሴቶቹን ዓይን ይበላል። የሚወጣው አረቄ በጀሪካን ተሞልቶ በየከተማው የስንቱን ትዳር እንደሚያፈርስ የምክር አገልግሎት ላይ ያለን እናውቃለን። በአንጻሩም ያ አረቄ ባሏ የሞተባትን ሴት አራት ልጅ አስተምሯል። መምህር የሆኑ፣ ነርስ የሆኑ፣ አገልጋይ የሆኑ ልጆች ከዚያ እሳት ሥር ወጥተዋል።

ቤተ ክርስቲያናችን መጠጥን ትከለክላለች። የሚጠጣ አባል ይመከራል፣ ይቀጣል። ስለሚያወጡት እህቶች ግን ዝም ብለናል፤ ምክንያቱም እንዲተዉ ብንነግራቸው ማግስቱን ምን እንደሚበሉ ልንነግራቸው ይገባል። ከጸሎት ቤታችን ቆርቆሮ ውስጥ አንድም በአረቄ ገንዘብ የተገዛ የለም የሚል ሰው ካለ እጁን ያውጣ። እኛ አናወጣም።

ታዲያ ማንንም ያላሰከረ፣ የማንንም ትዳር ያላፈረሰ ካርቶን ሲመጣ ወዲያው ክብሪት የፈለግነው ለምንድን ነው? ወረቀት ማቃጠል ዋጋ ስለማያስከፍለን ይመስለናል። ባለካርቶኑ አንድ ብቻውን የቆመ ወጣት ነው፤ ፎቶውም ያምራል። የኤፌሶን ሰዎች ያቃጠሉት የራሳቸውን እንጀራ ነበር፤ እኛ ልናቃጥል የተነሣነው የሌላውን ሰው ነው። ሽማግሌአችንን ለመዝለፍ አይደለም፤ እርሱ ለወጣቶች የሚያለቅስ አባታችን ነው፤ ይህንንም ጽሑፍ ሳናወጣው አንብቦታል። በሁለት ቦታ አልተስማማም። በአረቄው ጉዳይ ግን ለብዙ ጊዜ ዝም ካለ በኋላ፣ ልጁ ያለው እውነት ነው አለን።

ስለ መሸጡ በመካከላችን አልተስማማንም፤ የተስማማን አስመስለን አንጽፍም። ከእኛ አንዱ፣ ኤፌሶኖች ካልሸጡ እኛም አንሸጥም፤ ለእኔ የማይሆነውን ለሌላው ልሸጥለት አልችልም ይላል። ጠንካራ አሳብ ነው። ሌሎቻችን ግን አስማት የሚሠራበትን መጽሐፍ ለአስማተኛ መሸጥና፣ የተዘጋ ቪዲዮ ቤት በር ላይ የነበረ የአቡጀዲ ሥዕልን የአገር ሥዕል ለሚሰበስብ ሰው መሸጥ አንድ አይደለም እንላለን። ያ ጽሑፍ ጻፊ አርጅቷል፤ ከእጁ ሥራ የቀረው ምናልባት ይህ ብቻ ነው። የሱቆቹ ጽሑፍ በባነር ተሸፍኗል። አንድ ሰው ያን ቀይ ቀለም አይቶ በ1990ዎቹ በአንድ የስምጥ ሸለቆ ከተማ ልጆች ምን ይፈሩ እንደነበር ቢያውቅ ክፋቱ አይታየንም። ሮሜ 14 እያንዳንዱ በገዛ ልቡ አጥብቆ ይረዳ የሚል ትምህርት የሰጠን እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ወንድማችንን ግን አንድ ነገር ጠየቅነው። እነዚህ ሥዕሎች ይዘውሃል ወይ? ገንዘቡን ሳይሆን፣ አንተን። ከፊታችን ካርቶኑን አንድ በአንድ ማገላበጥ ጀመረ። አብዛኞቹን በሳቅ አለፈ። ሁለቱ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። አንዱ ምን እንደነበረ አንነግራችሁም። ሁለተኛው ከመቃብር የሚወጣው እጅ ነበር፤ አባቱ በሞተ ሳምንት ያን ፊልም ሦስት ቀን በተከታታይ እንዳሳየና ከዚያ ወዲህ መቃብር ቦታ ብቻውን መሄድ እንደማይችል ነገረን። የአባቱን መቃብር አንድ ጊዜ እንኳ አላየም። ሁለት ዓመት አብሮን ሲዘምር ይህን አናውቅም ነበር። ቅዳሜ በመድረክ ፊት ስልሳውንም አብረን አንድደን ቢሆን ኖሮ መቼም ባላወቅን።

ቅዳሜ እሳት አልነበረም። ሰኞ ሦስት ሆነን ከእርሱ ጋር ወደ መቃብሩ ሄድን፤ ሣሩን ነቅለን፣ ጸልየን ተመለስን። ማታ እናቱ ቤት ቡና ጠጣን። እኛ አዴ ነው የምንላት። እንደ ልማዷ እሳቷ ሥር ተቀምጣለች። ልጇ ሁለቱን ፖስተሮች ከብብቱ አውጥቶ አጣጥፎ ከማሰሮው ሥር ከተታቸው። አዴ ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ በቁራጭ እንጨት ገፋ አደረገቻቸው፤ ወረቀት ቶሎ ነው የሚያልቀው፣ እንጨት አምጣ አለችው። ከሳቃችን በኋላ ስለ ጋኑ ጉዳይ ከእርሷ ጋር መነጋገር ጀምረናል። ዶሮ ብታረባ፣ ጉልት ብትይዝ፣ መነሻው ስንት እንደሚሆን ሒሳብ ይዘናል፤ የኅብረቱ መዋጮ ይበቃው እንደሆነ ገና አላወቅንም። እርሷም ገና አላመነችንም።

የሚቀጥለው ኮንፈረንስ ባነር ረቂቅ በዚያው ሳምንት ከሻሸመኔ ማተሚያ ቤት በቴሌግራም መጣልን። እሳት አለው፣ መብረቅ አለው፣ ፊደሉ ቀይ ነው። ደውለን እሳቱንና መብረቁን እንዲያነሡልን፣ ነጭ መደብ ላይ ቀኑን፣ ቦታውንና ጌታ ኢየሱስ ያድናል የሚለውን ብቻ እንዲተዉልን ጠየቅን። ልጁ ስልኩ ላይ ትንሽ ዝም አለና፣ ባዶ ይሆንባችኋል፣ ሰው አያየውም፤ ደግሞ ዋጋው ያው ነው አለን።

ይሁን አልነው።